ከቁራኛ እስከ አሥራ አራት ቀን፦ የጎጃም ተበዳሪ እና ሕጉ

እኛ የዚህ ዘመን ልጆች ብድር እንዴት እንደምንወስድ ታውቃላችሁ። ስልካችንን እናወጣለን፣ ሁለት ሦስት ቁጥር እንነካለን፣ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን እንጫናለን፤ አለቀ። ውሉን ማን ያነበዋል? ስንት ተበድረን ስንት እንደምንመልስ የምናውቀው ብዙ ጊዜ መመለሻው ቀን ሲደርስ ነው።

በዚህ ጉዳይ ስንጨቃጨቅ አንዱ ጓደኛችን የአውሮፓውያንን ነገር አነሳ። የአውሮፓ ኅብረት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ200 እስከ 75,000 ዩሮ የሚበደር ሸማች ከመፈረሙ በፊት ወለዱም ሌላው ክፍያም ተደምሮ በዓመት ስንት በመቶ እንደሚሆን በአንድ ቁጥር ሊነገረው ይገባል። ከፈረመ በኋላም ሐሳቡን ከቀየረ 14 ቀን አለው። «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። የወሰደውን ገንዘብ ለያዘበት ጊዜ ከታሰበው ወለድ ጋር ይመልስና ይገላገላል።

«እነሱ ምን አለባቸው!» አልን። ቆይተን ግን የራሳችንን ታሪክ ማገላበጥ ጀመርን። የጀመርነውም ከደብረ ማርቆስ፣ ከጥንቷ መንቆረር፣ እና ከዙሪያዋ ደጋ ነው።

በጥንቱ ሥርዓት ባለዕዳ ዋስ ካላገኘ ከአበዳሪው ጋር ይቆራኛል፤ በነጠላ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ታስረው አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ። ዛሬ «የዓይን ቁራኛ» የምንለው ቃል ከዚያ የተረፈ ነው። ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ አራጣን ታወግዛለች። ዳዊት የደገመ የጎጃም ልጅ ሁሉ ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር ሰው እንደሚመሰገን ያውቃል። ችግሩ አበዳሪውም ዳዊት ደጋሚ መሆኑ ነው።

ተበዳሪውን ከሁሉም በላይ የጠበቀው ርስት ነው። አሜሪካዊው አለን ሆበን በዳሞት ተቀምጦ አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ የጎጃም ርስት የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ከአንድ አቅኚ አባት የሚወለዱ ሁሉ የሚጠይቁት መብት ነበር። እንዲህ ያለውን መሬት በዕዳ ነጥቆ የራስ ማድረግ ቀላል አይደለም፤ ዘመድ ሁሉ ተነስቶ ይሟገታል። በሌላ በኩል ደግሞ አበዳሪ በዋስትና ሊይዘው የማይችለው መሬት ብዙ ብድር አያመጣም። ስለዚህ የቸገረው ገበሬ ወደ ወለድ አገድ ይሄዳል። አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስለት መሬቱን እያረሰ ይበላል፤ ምርቱ የወለዱ ምትክ ነው። ዋናውን ገንዘብ ያላገኘ ሰው የገዛ መሬቱ ሲታረስ ዳር ቆሞ እያየ ዓመታት ይቆጥራል።

ከዚያ አውሮፓ ራሱ መጣ። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ከለከለ። ከ9 በመቶ በላይ ከሆነ ደግሞ በጽሑፍ ይሁን አለ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርም በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም። ወለድ አገድንም በሕግ ሥር አስገባው።

ጥሩ ሕግ ነው። ገበያው ግን መላ አያጣም። ሺህ ብር የሚያበድረው ሰው ውሉ ላይ «ሺህ አምስት መቶ ብር ተበድሬአለሁ» አስብሎ ያስፈርማል። ወለድ የሚል ቃል የለበትም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ በጽሑፍ የሰፈረውን ቃል በምስክር ማስተባበል በሕግ የተከለከለ ነው። እንዲህ ሆኖ ተበዳሪውን ይጠብቃል የተባለው ወረቀት ለአበዳሪው ጋሻ ሆነ። ይህ ዘዴ አልሞተም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ712ኛው አንቀጽ አራጣን ወንጀል ቢያደርግም ዛሬም የሚሰማ ነው።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የደርግ የገጠር መሬት አዋጅ መጣ። መሬት መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ፣ ወለድ አገድ መስጠት፣ ሁሉም ተከለከለ። ጭሰኛውም ለባለ መሬቱ ካለበት ዕዳ ነፃ ወጣ። መሬቱ ከአበዳሪ እጅ ዳነ፤ የገበሬው የገንዘብ ችግር ግን በአዋጅ አልጠፋም። ስለዚህ ውሉ ከወረቀት ወርዶ በሹክሹክታ የሚደረግ ሆነ። የተደበቀ ውል ደግሞ ሲበደሉበት አይከሰስም።

ቀጥሎ የመጣው አብቁተ ነው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1989 ዓ.ም. ፈቃድ አገኘ፤ በ2014 ዓ.ም. ወደ ጸደይ ባንክ አድጓል። ከአራጣ አበዳሪ ሌላ በር አይቶ ለማያውቅ ገበሬ ትልቅ ነገር ነበር። ዋስትናው ግን መሬት ሳይሆን ቡድን ነው፤ አንዱ ባይከፍል ሌሎቹ ይከፍላሉ። ይህን ስንሰማ ቁራኛ ትዝ አለን። ሰንሰለቱ የለም፤ ጎረቤት ግን ጎረቤቱን ይጠብቃል።

የማዳበሪያ ዕዳም አለ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በቆሎ እንደ ልብ ተመርቶ ዋጋው ወደቀ። በምዕራብ ጎጃም በዱቤ ማዳበሪያ የወሰደው ገበሬ ጎተራው ሞልቶ ዕዳውን መክፈል አቃተው። ዝናብ ከድቶት ሳይሆን ምርት በዝቶለት የከሰረ ሰው ምን ይባላል? ሲበደር «ዋጋ ቢወድቅስ?» ብሎ የጠየቀለት አልነበረም።

አሁን ነገሩ ይበልጥ ያሳስባል። የአማራ ክልል በ2009 ዓ.ም. ባወጣው የመሬት አዋጅ ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለገንዘብ ተቋም በዋስትና እንዲያስይዝ ተፈቅዶለታል። ብድር ለራበው ገበሬ በር የሚከፍት ነው። ነገር ግን ለዘመናት ከዕዳ የራቀው መሬት ወደ ዕዳ ገበታ ቀርቧል ማለትም ነው። ብሔራዊ ባንክም በ2020 እ.ኤ.አ. የገንዘብ አገልግሎት ተጠቃሚዎችን የሚጠብቅ መመሪያ አውጥቷል። ሕግ አለን፤ የጎደለን ሌላ ነው።

የሚገርመው አውሮፓም ወደኛ መንገድ መምጣቱ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣውና ከኅዳር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈጻሚ እንዲሆን የተወሰነው አዲስ መመሪያ ከ200 ዩሮ በታች ያለውን ትንሽ ብድርም ይጨምራል፤ አገሮች ሁሉ ከልክ ያለፈ ወለድን የሚገታ እርምጃ እንዲወስዱም ያዛል። የወለድ ጣሪያ እኛ ዘንድ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አለ!

ታዲያ ከእነሱ ምን እንውሰድ? ጣሪያውን አይደለም፤ ሁለት ትንንሽ ነገሮችን ነው። አንደኛው ጠቅላላ ዕዳው ከፊርማ በፊት በአንድ ቁጥርና ተበዳሪው በሚገባው ቋንቋ መነገሩ። ፊደል ላልቆጠረው ደግሞ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብለት። ሁለተኛው ማሰቢያ ጊዜ ነው። ቸግሮት የፈረመ ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ከሚስቱ ተማክሮ፣ ከልጁ ጋር አስልቶ «ይቅርብኝ» የሚልበት አሥራ አራት ቀን። የደጋው ገበሬ በሬ ሲገዛ እንኳ ጥርሱን አይቶ፣ አስሂዶ፣ ሰው አማክሮ ነው። መሬቱን ሲያስይዝ ይህን ያህል ጊዜ ቢሰጠው በዛበት?

እኛም እስከዚያው «ተስማምቻለሁ»ን ከመጫናችን በፊት አንዴ እናንብብ።