«ስምጥ ሸለቆ እንዴት ተፈጠረ?» የአንድ የፈተና ጥያቄ ታሪክ

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የተቆረቆረች፣ በአንድ ስም ለሁለት መንግሥታት የምትተዳደር ከተማ ናት። ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ ያለው ተማሪ የሚረግጠው ምድር አንድ ሲሆን የሚቀመጥለት ፈተና ግን ይለያያል። በኬንያ በኩል ፈተና የማዘጋጀቱ ኃላፊነት በ1967 ለተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የፈተናዎች ምክር ቤት፣ ከ1980 ወዲህም ለኬንያ ብሔራዊ የፈተናዎች ምክር ቤት የተሰጠ ነበር (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። አዘጋጁ ቢለዋወጥም አንድ ጥያቄ ከመምህራን ደብተር አልጠፋም፤ ይኸውም «ስምጥ ሸለቆ እንዴት ተፈጠረ?» የሚለው ነው።

የመልሱ ታሪክ እንደሚከተለው ነው። ኦስትሪያዊው ኤድዋርድ ዙስ የተጓዦችን ዘገባ መሠረት አድርጎ በ1891 እንደ ጻፈው፣ የምሥራቅ አፍሪካ ምድር ግራና ቀኝ ተስቦ ተሰነጠቀ። እንግሊዛዊው ግሪጎሪ በ1893 ኬንያ ድረስ ሄዶ ሸለቆውን መረመረ፤ በሁለት ስንጥቆች መካከል ያለው መሬት ሰምጧል ሲልም አስረዳ። አሜሪካዊው ቤይሊ ዊሊስ ግን በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ሸለቆው ከሁለት ወገን በመጣ ግፊት ተፈጠረ ሲል ተከራከረ። ሁለቱ አሳቦች በትምህርት መጻሕፍት ጎን ለጎን ሰፈሩ፤ ተማሪውም «በመሳሳብ ወይም በመገፋፋት» ብሎ ነጥብ ይወስድ ጀመር።

ይሁን እንጂ የሥነ ምድር ሊቃውንት ክርክሩን ከዘጉት ቆይተዋል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የምድር ቅርፊት በተንቀሳቃሽ ክፍሎች የተከፋፈለ መሆኑ ተረጋገጠ። በመስከረም 2005 በአፋር፣ በዳባሁ አካባቢ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ከሥር በቅልጥ ዓለት ተሞልቶ ምድሪቱ እስከ 8 ሜትር ተከፈተች። መሳሳቡ በዘመናችን ታየ፤ ጥያቄው ግን ከእውቀቱ ወደ ኋላ ቀረ።

እኛም በማሠልጠኛ ተቋም የመግቢያ ትምህርት ስንሰጥ ይህንኑ ጥያቄ ለዓመታት ስንጠይቅ ኖረናል። ያረምነው እውቀትን ሳይሆን ሽምደዳን ነበር። በአሜሪካ ሊባርኪንና አንደርሰን በ2005 ለጀማሪ የኮሌጅ ተማሪዎች ያቀረቡት የሥነ ምድር መመዘኛ ሌላ መንገድ ያሳያል። እነርሱ አስቀድመው ተማሪዎችን አነጋገሩ፤ ከዚያም የተሳሳቱትን ምርጫዎች ከራሳቸው ከተማሪዎቹ አነጋገር ወሰዱ። ስለሆነም ተማሪው ሲሳሳት መምህሩ የስሕተቱን ምንጭ ያውቃል።

ይህን ለመሞከር ሞያሌ የተመቸች ናት። ከተማዋ ያረፈችበት ምድር ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ጥንታዊ ዓለት ነው። ወደ ማርሳቢት የሚወስደው መንገድ ግን በዲዳ ገልገሉ ጥቁር የባዛልት ሜዳ ያልፋል። እንግዲህ «ከሁለቱ ዓለቶች የትኛው ወጣት ነው? በምን ታውቃለህ?» ብለን ብንጠይቅ፣ «ጠንካራው ሁሉ አሮጌ ነው» የሚለው ስሕተት ራሱ ይወጣል። ቀጥለንም የዳባሁን መረጃ ሰጥተን «ይህ የዙስን አሳብ ይደግፋል ወይስ የዊሊስን?» እንበል።

ዊሊስን ከመጽሐፍ እንፋቀው አንልም፤ በታሪክነቱ ይማሩት። ነጥብ የሚሰጠው ግን ስሙን ለሸመደደ ሳይሆን በማስረጃ ለመዘነው ይሁን።