ዓይንና እንግዴ ልጅ፦ የእርግዝና ደም ግፊት በጭሮና በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች

ቆዳ ሳይቀደድ የደም ስሮችን በቀጥታ ማየት ከሚቻልባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የዓይን የኋላ ግድግዳ፣ ረቲና ነው። ፕሪኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም) በያዛት እናት ይህ ዕድል ለጽንሱም ይጠቅማል። የሕመሙ መነሻ በአብዛኛው እንግዴ ልጅ ነው፤ ወደ እርሱ ደም የሚያደርሱ የማህፀን ደም ቅዳዎች በእርግዝናው መጀመሪያ በሚገባ አይሰፉም። ደም ያጠረው እንግዴ ልጅ ወደ እናት ደም የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች የደም ስሮቿን ሽፋን ይጎዳሉ። ጽንሱም ዕድገቱ ይገታል፤ ያለ ጊዜው፣ ከ2500 ግራም በታች ወይም ታፍኖ ሊወለድ ይችላል።

የረቲና ምርመራ ብዙ አይጠይቅም። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ፣ ጨለም ያለ ክፍልና በእጅ የሚያዝ ኦፍታልሞስኮፕ (የዓይንን ውስጥ ማያ መሣሪያ) ይበቃሉ። በጤናማ ረቲና የደም ቅዳው ስፋት የደም መልሱን ሁለት ሦስተኛ ያህላል። ግፊቱ ሲጸና ደም ቅዳው ይቀጥናል፤ ደም ይፈሳል፤ ጥጥ የመሰሉ ነጫጭ ነጥቦች ይታያሉ፤ አንዳንዴም ረቲናው ከሥሩ ፈሳሽ ቋጥሮ ይነሳል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየባት እናት ጽንስም የቅርብ ክትትል ያስፈልገዋል። ረቲናዋ ደህና ነው ብሎ ማሰናበት ግን አደገኛ ነው። የማየት ችግሩ ከኋለኛው የአንጎል ክፍል ሲመጣ፣ እናት ፈጽሞ ሳይታያት ረቲናዋ ንጹሕ ሊሆን ይችላልና።

ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የዞን ከተማ ናት። ከጨርጨር ተራሮች፣ ከመቻራም ሆነ ከሚኤሶ ቆላ ለምትመጣ ነፍሰ ጡር የዓይን ሐኪም ሩቅ ነው፤ የግፊት መለኪያው ግን በጤና ጣቢያው አለ። ስለዚህ አዋላጇ በአፋን ኦሮሞ «ዓይንሽ ብዥ ይላል? ብልጭታ ይታይሻል? ራስሽን ያምሻል?» ብላ መጠየቅ አለባት። በረመዳን እነዚህ ምልክቶች በጾም፣ በሌላ ጊዜም በድካም ሊመካኙ ይችላሉ፤ ግፊቷ ሳይለካ መቀበል አይገባም። ግፊቷ 160/110 ደርሶ ዓይኗ ከፈዘዘ፣ ግፊት የሚያወርድ መድኃኒትና የመጀመሪያው የማግኒዥየም ሰልፌት መጠን ሪፈር ከመደረጓ በፊት ሊሰጧት ይገባል። በ2002 (እ.ኤ.አ.) የታተመው፣ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶችን ያካተተው የማግፓይ ጥናት ማግኒዥየም ሰልፌት ኤክላምፕሲያን (ከሕመሙ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ) ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አምቡላንስ እስኪመጣ መርፌውን ማቆየት፣ እናቲቱን መንገድ ላይ ለመንቀጥቀጥ፣ ጽንሱንም ለመታፈን ማጋለጥ ነው።

ከወሊድ በኋላ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። አደጋው ግን ወዲያው አያበቃም፤ ኤክላምፕሲያ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላም ይነሳል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት። ወልዳ ወደ ቀበሌዋ የተመለሰች እናት ዓይኗ ዳግም ብዥ ካለ ግፊቷን በዚያው ቀን መለካት አለባት፤ ይህም ለባሏና ለአማቷ ከሆስፒታል ሳይወጡ ሊነገራቸው ይገባል።