ደም መጣጩ ማነው?

ሮበርት ኤገርስ እ.ኤ.አ. በ2024 እንደገና የሠራውን «ኖስፌራቱ» መቀሌ ውስጥ በአንዲት ጠባብ የተማሪ ክፍል ተጠጋግተን አየን። ሲያልቅ አንዱ ጓደኛችን «ይኸ እኮ የፈረንጅ ቡዳ ነው!» አለና ሁላችንም ሳቅን። ረጋ ብለን ስናስበው ግን ነገሩ የሚያስቅ ሆኖ አላገኘነውም።

ታሪኩ የቆየ ነው። አየርላንዳዊው ብራም ስቶከር «ድራኩላ»ን እ.ኤ.አ. በ1897 አሳተመ። ጀርመናዊው ሙርናው በ1922 ያለ ፈቃድ ስሞቹን ለዋውጦ ድምፅ አልባውን «ኖስፌራቱ» ሠራ። የስቶከር መበለት ከሰሰች፤ ፍርድ ቤትም ቅጂዎቹ እንዲጠፉ ወሰነ፤ ሆኖም አንዳንዶቹ ተረፉ። በ1979 ቬርነር ሄርዞግ ደገመው፤ አሁን ደግሞ ኤገርስ። ዘመኑና መሣሪያው ይለወጣል እንጂ ደም መጣጩ ያው ባለግንቡ መስፍን ነው።

ይኸም ቢሆን ከጥንት እንዲህ አልነበረም። በ18ኛው መቶ ዓመት በሰርቢያ ገጠር «ከመቃብር ተነሥቶ ደም ይጠጣል» እየተባለ ሬሳው ተቆፍሮ ይቃጠል የነበረው ተራው የመንደር ሰው ነው። ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1755 ነገሩን በሐኪሞች አስመርምራ ድርጊቱን ከለከለች። ደም መጣጩን የመኳንንት ልብስ ያለበሰው በ1819 የወጣው የጆን ፖሊዶሪ ልብ ወለድ ነው።

እስቲ ወደ አገራችን እንመለስ። ከመቀሌ በስተደቡብ፣ ጨለቆት ላይ፣ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን ናትናኤል ፒርስ የሚባል እንግሊዛዊ ይኖር ነበር። ከሞተ በኋላ በ1831 የታተመው ማስታወሻው እንደሚለው ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው ሁሉ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ ይታመን ነበር። ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያለው ጅብ ታየ እስከ መባል ተደርሷል!

እንግዲህ ልዩነቱን ልብ እንበል። በፊልሙ ውስጥ ጥርስ የበቀለው የግንቡ ጌታ ነው። በኛ ዘንድ ግን ለገበሬው ማረሻ፣ ለእናቶቻችን ምጣድ የሠራው ድኻ ነው «ሰው በላ» የተባለው። ከነዚህ ባለ እጆች ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ስለነበሩ በሃይማኖትም፣ በርስትም ተገለሉ። የገበሬውን እህል ያስገብር የነበረው መስፍን ግን «ጌታዬ» ይባል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን አዋጅ ሰምቶ ዝም አላለም።

በ1966ቱ አብዮት ዘመን ተማሪው «ደም መጣጭ» የሚለውን ቃል ለባላባቱ ሰጠው። ማርክስም ካፒታልን የሠራተኛ ጉልበት እየመጠጠ በሚኖር ቫምፓየር መስሎት ነበር። እውነት አለው፤ ሥርዓትን መንቀፍ ተገቢ ነው። ነገር ግን ስሙ ከሥርዓቱ ወርዶ በሰው ላይ ሲለጠፍ ማቆሚያ የለውም። በ2010 ዓ.ም. «የቀን ጅብ» የሚል ቃል በፖለቲካ መድረክ ሰማን። ሰው በአፍ ጅብ ሲደረግ የጥንቱ የቡዳ ወሬ አዲስ ልብስ ለብሶ መጣ ማለት ነው። ቃል ብቻውን ጦርነት አያመጣም፤ መንገድ ግን ይጠርጋል። ከ2013 ዓ.ም. በኋላ የሆነውን እኛ የመቀሌ ልጆች ከማንም አንማርም።

ታዲያ ፊልሙ እንደገና መሠራቱ ጥፋት የለበትም፤ ፍርሃት በየዘመኑ መልኩን ይለውጣልና። ጥያቄው በያንዳንዱ ጊዜ ጥርሱን የምናበቅለው በማን አፍ ላይ ነው የሚለው ነው። ስቶከር ያልጻፈውን፣ ጭራቁ በፀሐይ ብርሃን መሞቱን፣ ያመጣው የ1922ቱ ፊልም ነው። የኛው የቡዳ ወሬም የሚሞተው እንዲሁ በብርሃን ነው፤ ይኸውም ቀጥቃጩን በስሙ ጠርተን፣ ቤቱ ገብተን፣ አብረን ስንበላ ነው። ይኸን ለማድረግ አዋጅ መጠበቅ የለብንም።