ላይ ቤትና ታች ቤት፦ የጎንደር ተማሪ ጎጆዎች ታሪክ

የድሮው ጎንደር ሰፈሩን በቤት ይጠራ ነበር። የእጨጌው መኖሪያ እጨጌ ቤት፣ የጳጳሱ አቡን ቤት፣ የሙስሊሞቹ እስላም ቤት ይባላል። ትምህርቱም የሚጠራው በዚያው ስም ነው፤ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ አቋቋም ቤት፣ መጽሐፍ ቤት። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ሌላ፣ ዶርም ሌላ ነው። የቤተ ክህነቱ ተማሪ ግን «ቅኔ ቤት ነኝ» ሲል የሚማረውንም የሚያድርበትንም ባንድ ቃል ይነግረናል። አብረውት የሚያድሩት ያንኑ የሚማሩ ናቸው። ከየአውራጃው የመጡ፣ ዘመድ ያልሆኑ ልጆችን የሚያገናኛቸው አንድ ሙያና አንድ የኔታ ነው።

ማደሪያቸው ጎጆ ነው። ተማሪው እንጨቱን ከዱር ቆርጦ፣ ሣሩን አጭዶ ራሱ ይሠራታል፤ ዕድለኛ ከሆነም ትምህርቱን ጨርሶ ከሄደ ተማሪ ይረከባታል። በሯ ጎንበስ ካላሉ አታስገባም። ውስጧ የጭቃ መደብ፣ ትንሽ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አኩፋዳ፣ ጥግ ላይ ለመንደር ውሻ የተዘጋጀ ዱላ አለ። ልብስም ምንጣፍም ያው ደበሎው ነው። ሁለትም ሦስትም ሆነው ያድራሉ፤ ቅማሉንም እከኩንም ይካፈላሉ። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ ዞረው ያገኙትን ቁራሽና ቆሎ አምጥተው አብረው ይበላሉ። የቆሎ ተማሪ መባላቸውም ከዚሁ የመጣ ነው። ዕድሜና ትምህርት የገፋው ተማሪ ታናሹን ይቀጽላል፣ ይገሥጻል፤ ታናሹ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል።

በአጠገባቸው ለሚያልፍ ሰው የጎጆዎቹ ሙያ በድምፅ ይለያል። ዜማ ቤት ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ የቃል ትምህርት ይንቆረቆራል። አቋቋም ቤት ከሆነ መቋሚያ መሬት ይመታል፣ ጸናጽል ይንሿሿል። መጽሐፍ ቤት ደግሞ አንዱ ንባቡን ያነባል፣ ሌላው ትርጓሜውን ያወርዳል፤ «አንድም» የምትለው ቃል ስትመላለስ ትሰማለች። የቅኔው ተማሪ ግን ጎጆው ውስጥ አይገኝም። ቅኔ ሊቆጥር ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት ጀርባ ብቻውን ተቀምጦ ያጉተመትማል። ማታ ወደ የኔታ ፊት ይቀርብና ቀን የቆጠረውን ይናገራል፤ የተበላሸው ይታረማል፣ አንዳንዴም መሳቂያ ይሆናል። ጀማሪው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ ረጃጅሞቹ የቅኔ ዓይነቶች የሚደርሰው እንዲህ እየተዋረደና እየተሞገሰ ነው። አእምሮ ይከፍታል ተብሎ አብሾ የጠጣ ተማሪ ወሬም ከእነዚህ ጎጆዎች አይጠፋም። አንዳንዱ በመጠጣቱ ተጎዳ እንጂ ሊቅ አልሆነም።

ይህን ኑሮ በመዝገብ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። የጎንደር አድባራት የመሬታቸውን ጉዳይ በብራና መጻሕፍት ጽፈው አስቀርተውልናል፤ ለየትኛው ደብር ምን ጉልት እንደ ተሰጠ፣ ካህናቱና ደብተራዎቹ ምን እንደ ደረሳቸው ከዚያ ይነበባል። ተማሪው ግን መሬት ስለሌለው መስመር የለውም። ደብተራ ሆኖ ድርሻ ሲቀበል ስሙ ብቅ ይላል፤ ከዚያ በፊት በጎጆ ያሳለፈው ዘመን ለመሬት ጸሐፊው ጉዳዩ አይደለም። ስለዚህ የታሪክ ጸሐፊ የሚደገፈው በአዛውንት ትዝታ ነው። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ቃል ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፈ ትዝታ በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረውን የተማሪ ኑሮ ከውስጥ ያሳያል። አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጻፉትንም እኒሁ መንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት በ1970 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ታትሟል። ሁለቱም ግን የጨረሱ ሰዎች ምስክርነት ናቸው። ረኃብ ወይም ንዳድ ከመንገድ ያስቀረው ተማሪ ትዝታውን የጻፈለት የለም፤ የጎጆው ኑሮ በትዝታ መጻሕፍት ከሚታየው የከፋ ነበር ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጎንደርን ከሌሎቹ የትምህርት ቦታዎች የሚለያት አንድ ነገር አለ። ድጓ የፈለገ ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ ይወጣል፤ ቅኔ የፈለገ ዋሸራ፣ ጎንጅ ወይም ዋድላ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ቦታ የነገሠው አንድ ሙያ ነው፤ ከቤት ወደ ቤት መሻገር የቀናትና የሳምንታት እግር መንገድ ይጠይቃል። ዓፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ግድም መናገሻቸውን በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ካደረጉ በኋላ ግን ነገሥታቱ እየተከታተሉ ደብር ተከሉ። አድያም ሰገድ ኢያሱ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ እቴጌ ምንትዋብ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠሩ፤ ቁጥሩም በአፍ ሲነገር «አርባ አራቱ ታቦት» እስከ መባል ደረሰ። ደብሩ ሲበዛ መምህሩ በዛ። ተማሪውም ከተማዋን ሳይለቅ፣ አኩፋዳውን አንሥቶ ከአንዱ የኔታ ወደ ሌላው ይሻገር ጀመር። ጎጆዎቹ የሚከተሉት መምህሩን እንጂ ቅጥሩን አልነበረም። መምህሩ ሲሞት ወይም ሲሾም ጎጆው ይፈታል፣ ተማሪው ይበተናል።

ቤትና ቤት ጎረቤት ሲሆን ፉክክር አይቀርም። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነሣው የቅባትና የተዋሕዶ ክርክር በጋለበት ዘመን መምህር መምረጥ ወገን መምረጥ ነበር። ከሁሉ የቆየው መለያየት ግን ከሃይማኖት ክርክር ሳይሆን ከመጽሐፍ ቤት የወጣ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር ያስተማሩት መምህር ኤስድሮስ የወረሱት ትርጓሜ አላረካቸውም። ትውፊቱ እንደሚለው በጣና ደሴቶች መጻሕፍት እየመረመሩ ዓመታት ቆይተው የታረመ፣ የተስተካከለ ትርጓሜ ይዘው ተመለሱ። አንዳንዱ ተቀበላቸው፤ አንዳንዱ «ከአባቶች የሰማነው ይበቃናል» በሚል አሳብ በነባሩ ጸና። ነባሩን የያዙት ላይ ቤት፣ የኤስድሮስን የያዙት ታች ቤት ተባሉ። ስያሜው የወጣው መምህራኑ በጎንደር ከነበራቸው መኖሪያ አቀማመጥ እንደ ሆነ ይነገራል፤ አንዱ ከዳገቱ፣ ሌላው ከታች። ልብ ይሏል፤ ስሙን የሰጠው የመምህሩ ስም ወይም የክርክሩ ነጥብ ሳይሆን ተማሪ ማታ የሚገባበት አቅጣጫ ነው። ከጎንደር ርቆ፣ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ሳያይ የተማረ የሸዋ ወይም የወሎ ሊቅ ሳይቀር ራሱን የታች ቤት ልጅ ይላል።

አብሮ ማደር ትምህርቱን እንደ ጠበቀው ሁሉ በሩንም ዘጋው። ለዚህ የአለቃ ገብረ ሐናን ታሪክ ማየት ይበቃል። በቀልዳቸው አገር የሚያውቃቸው አለቃ በሙያቸው የዜማና የአቋቋም ሊቅ ነበሩ፤ በጎንደር በአታ ለማርያም ደብርም አገልግለዋል። አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ። የጣናን ማዕበልና የታንኳውን መወዛወዝ አይተው ነው ይባላል፤ እንዲህ ያለ ነገር ከትውፊት አልፎ የሚረጋገጥ አይደለም። የሚታወቀው ውጤቱ ነው። የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። እሳቸውም ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ተክሌም በደብረ ታቦር አስፋፋው። ተክሌ አቋቋም ዛሬ በብዙ አድባራት ይቆማል፤ ስሙም የልጁ እንጂ የአባቱ አይደለም። የተገፋ ሐሳብ ሄዶ የራሱን ቤት ሠራ ማለት ነው። የጎንደር ሊቃውንት ፈረዱ፣ ስልቱ ግን ከፍርዱ ተረፈ።

ከዚያ እሳት መጣ። በ1859 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጠሉ፤ የአድባራቱ መጻሕፍትም ወደ መቅደላ ተጋዙ። በ1860 መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ከመካከላቸው በመቶ የሚቆጠሩትን ወደ ለንደን ወሰደ። በጥር 1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሾች ጎንደር ገብተው ከአድባራቱ አብዛኞቹን አቃጠሉ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ። የሣር ጎጆ እሳት አይችልም፤ ስንቱ እንደ ነደደም ማንም ቆጥሮ አልመዘገበውም። ሆኖም ትምህርቱ አብሮ አልነደደም፣ ምክንያቱም ያረፈው በብራና ላይ ብቻ ሳይሆን በተማሪው ቃል ላይ ነው። ከጎንደር የሸሸ መምህር በደረሰበት ደብር ወንበር ሲዘረጋ ጎጆ ቀላሹ ተማሪ ተከትሎ ይመጣል። ታች ቤት ከጎንደር ውጭ የተስፋፋው በዚህ ዓይነት መንገድ ጭምር ነው።

በጎንደርና አጠገቧ ባለው በደንቢያ ሌላም ቤት ነበር። ቤተ እስራኤሎች በ1668 እ.ኤ.አ. በጎንደር ጉባኤ ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ከተፈረደባቸው ወገኖች አንዱ ናቸው። የእነርሱ ቄስ ለመሆን የሚሻ ልጅ መሎክሴ ወደሚባሉት መነኮሳት ዘንድ ይሄዳል፤ ደንቢያ ውስጥ ያለችው ሆሃርዋ ከእነዚህ የምንኩስና ማዕከሎች የታወቀችው ናት። መነኮሳቱ ለንጽሕና ሲሉ ከሌላው ተለይተው ስለሚኖሩ እዚያ መማር ማለት በዚያ ሥርዓት ጥላ ሥር መኖር ነው። ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ሃያ ሰባት ያህል ወጣቶች ወደ እስራኤል ክፋር ባትያ ሄዱ፤ በአንድ የወጣቶች መንደር አብረው እያደሩ መምህርነት እንዲማሩ ነበር። ከተመለሱት ውስጥ በየመንደራቸው ያስተማሩ አሉ።

የዘመናዊው ኮሌጅ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያው ደንቢያ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. የወባ ወረርሽኝ በደንቢያ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ እርዳታ ተከፈተ። ያሠለጠነው የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒተሪያን ነበር። የቤተ ክህነቱን ሥርዓት ለሚያውቅ የኮሌጁ አሠራር የዚያ ተቃራኒ ይመስላል። ሦስቱ ሙያዎች በየቤታቸው እንዲዘጉ አልተደረገም፤ በቡድን ተቀላቅለው እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ይመደቡ ነበር። አንዱ በሽተኛ ሲያይ አንዱ እናቶችን ይጎበኛል፣ ሦስተኛው ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። ወባ አንድ ሙያ ብቻውን አይመልሳትም የሚል ስሌት ነበር። ኮሌጁ በኋላ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቀላቀለ፤ በ1970 ዓ.ም. በላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የሕክምና ትምህርት ጨመረ፤ በ1996 ዓ.ም. ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ሁለቱ ዓይነት ቤቶች አንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን ኖሩ፤ ሳይተዋወቁ ማለት ይቻላል። የጎጆውን ኑሮ የከፋ ጉዳት ያገኘው ግን ከኮሌጁ አይደለም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ አድባራቱ መሬታቸውን አጡ። መምህሩ ከደብሩ መሬት የሚያገኘው ቀረ፤ ወንበሩን የሚያቆመው የሕዝብ ልግስና ብቻ ሆነ። ተማሪው ቀድሞም ከመሬቱ ድርሻ ስላልነበረው በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቀጠለ። መዝገቡ የዘለለው ሰው መዝገቡ ሲሻር የሚያጣው ትንሽ ነው፤ የከበደው መምህሩ ላይ ነው።

ላይ ቤትና ታች ቤትስ? ፉክክሩ አልቋል። የላይ ቤቱ ትርጓሜ ጉባኤው እየሳሳ ሄደ፤ በ20ኛው መቶ ዓመት ማተሚያ ቤት ገብቶ በየመጽሐፍ መደብሩ «አንድምታ» ተብሎ የሚሸጠው የታች ቤቱ ነው። በኮሌጁም በኩል የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ተመራቂ ተማሪዎች ከየሙያው ተቀላቅለው በቡድን ወደ ገጠር መውጣታቸውን አልተዉም። የጎንደርን አቋቋም ተምሮ መመስከር የሚፈልግ ደብተራ ደግሞ ዛሬም መቋሚያውን ይዞ በአታ ለማርያም ይመጣል። የሚመጣበት ቦታ ምስክር ቤት ይባላል።