መርሴዲስ ቤንዝ ስታዲየም፦ ለአትላንታ ያስገኘውና ያስከፈለው

መርሴዲስ ቤንዝ ስታዲየም በዩናይትድ ስቴትስ የጆርጂያ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው አትላንታ የሚገኝ፣ ጣሪያው የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ለልዩ ልዩ አገልግሎት የሚውል ስታዲየም ነው። እ.አ.አ. በኦገስት 2017 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ አትላንታ ፋልከንስና የእግር ኳስ ክለቡ አትላንታ ዩናይትድ በሜዳነት ይጠቀሙበታል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን አትላንታን የሚያስታውሷት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በማራቶን ወርቅ ባገኙበት የ1996 ኦሊምፒክ ነው። ሁለቱ ያሸነፉበት የኦሊምፒክ ስታዲየም ውድድሩ እንዳበቃ ወደ ቤዝቦል ሜዳነት ተለወጠ፤ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ የአንድ ዩኒቨርሲቲ መጫወቻ ሆኗል። የዚያው ኦሊምፒክ የቅርጫት ኳስና የጂምናስቲክ ውድድሮች የተካሄዱበት ጆርጂያ ዶም በ1992 ተከፍቶ፣ በ25 ዓመቱ፣ በኖቬምበር 2017 በፈንጂ ፈርሷል። መርሴዲስ ቤንዝ ስታዲየም የተሠራው በእርሱ ምትክ ነው።

የአዲሱ ስታዲየም ጣሪያ ስምንት ብርሃን አሳላፊ ክፍሎች አሉት። ሲከፈት እንደ አበባ የሚዞር ቢመስልም፣ እያንዳንዱ ክፍል የሚንቀሳቀሰው በራሱ ሐዲድ ላይ በቀጥታ መስመር ነው። ለአሜሪካ ፉትቦል 71,000 ያህል ተመልካች ይይዛል። ለመደበኛ የእግር ኳስ ግጥሚያ ግን የላይኛው እርከን በመጋረጃ ስለሚከለል ቁጥሩ ወደ 42,500 ዝቅ ይላል። ሆኖም በ2018 አትላንታ ዩናይትድ የሊጉን ዋንጫ ባነሳበት ዕለት 73,019 ሰው ታድሟል። በ2019 የአሜሪካ ፉትቦል የፍጻሜ ግጥሚያ የሆነው ሱፐር ቦውል ተካሂዶበታል፤ በ2021 ደግሞ የኮቪድ ክትባት በብዛት የሚሰጥበት ማዕከል ነበር። ለ2026 የዓለም ዋንጫ፣ አንድ የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታን ጨምሮ ስምንት ግጥሚያዎች ተመድበውለታል።

ለግንባታው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቷል። አብዛኛውን ወጪ የሸፈነው የፋልከንስ ወገን ሲሆን፣ ከተማዋ በ2013 ባጸደቀችው ውል መሠረት ከሆቴል እንግዶች በሚሰበሰብ ግብር የሚከፈል የ200 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ቀርቧል። የስታዲየሙ ባለቤት የክፍለ ግዛቱ የመንግሥት ተቋም ነው። የፋልከንስ ባለቤት አርተር ብላንክ ስማቸው በኖርዝ ድሩይድ ሂልስ አካባቢም የታወቀ ነው፤ በ2024 በኖርዝ ድሩይድ ሂልስ መንገድ ላይ የተከፈተው የሕፃናት ሆስፒታል የተሰየመው በእርሳቸው ነው።

ዋጋው ግን በገንዘብ ብቻ የሚተመን አልነበረም። ለግንባታው ቦታ ለመልቀቅ ሁለት የጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት ይዞታቸውን ሸጠው ተነሥተዋል። አንደኛው፣ ፍሬንድሺፕ ባፕቲስት፣ የተመሠረተው በ1862 ሲሆን፣ በ1881 ስፔልማን ኮሌጅ ትምህርት የጀመረው በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ከስታዲየሙ በስተ ምዕራብ የሚገኙት ቫይን ሲቲና ኢንግሊሽ አቬኑ በታሪካቸው ስመ ጥር ናቸው፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ ከቤተሰባቸው ጋር የኖሩት በቫይን ሲቲ ነበር። ሰፈሮቹ ግን ለረጅም ዓመታት በድህነትና በባዶ ቤቶች ሲፈተኑ ቆይተዋል። ለማካካሻ የከተማዋ የልማት ድርጅትና የብላንክ ፋውንዴሽን እያንዳንዳቸው 15 ሚሊዮን ዶላር መድበዋል። ገንዘቡ ለሥራ ሥልጠናና ለሰፈር ልማት የታሰበ ቢሆንም፣ አካባቢው በተሻሻለ ቁጥር የቤት ኪራይና የንብረት ግብር እየናረ ነባሩን ነዋሪ እንዳያፈናቅል የሚለው ስጋት ዛሬም የአካባቢው ዋነኛ መከራከሪያ ነው።

ከኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ወደ ስታዲየሙ መሄድ የሚፈልግ ሰው በብሩክሄቨን ጣቢያ በማርታ ባቡር ተሳፍሮ፣ ፋይቭ ፖይንትስ ላይ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ባቡር ይይዛል። ስታዲየሙን አልፎ የሚገኘው ቀጣዩ ጣቢያ ቫይን ሲቲ ይባላል።