ርኅራኄ

ርኅራኄ፦ «ርኅርኀ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ስም ነው፤ ትርጉሙም መራራት፣ መለስለስ። «ሩኅሩኅ» የምንለው ልቡ ያልደነደነውን ሰው ነው።

ምጽዋት ከእጅ ይወጣል፤ ርኅራኄ ግን ከማየት ይጀምራል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ካህኑም ሌዋዊውም የቆሰለውን መንገደኛ አይተው አልፈዋል። ሳምራዊው አይቶ አዘነ፣ ቀረበ፣ ቁስሉን አሰረ።

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ በየማለዳው ወደ አዲስ አበባ የሚጎርፈው ሰው ብዙ ችግር አጠገብ ያልፋል። ሰበታ ውስጥ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ፤ በቡራዩ በኩል ገፈርሳ ላይ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ አለ። ታክሲ ውስጥም ሐኪም ቤት የምትሄድ እናት፣ የቀን ሥራ ፈላጊ ወጣት አጠገባችን ይቀመጣሉ።

በቅዳሴ ጸሎት ሕሙማንና መንገደኞች ይታሰባሉ። ያንን ልማድ ወደ መንገዳችን እናውጣው፦ አንድ ሰው እናስተውል፣ «አቤቱ፣ ማረው፤ የጎደለውን ሙላለት» እንበል። ስሙን ካወቅን በስሙ እንጸልይ፤ ነገ ስናገኘው «እንዴት ሆንክ?» ብለን እንጠይቀው። የምንጸልይለትን ሰው እየለመድን ስንሄድ ችግሩን ችላ ማለት ይከብደናል፤ ለመርዳትም እንነሣለን።