ከሪዮ ኔግሮ እስከ ኖራማው ቧንቧ

እ.ኤ.አ. በ1817 የኦስትሪያዋ ልዕልት ሊዮፖልዲና ለፖርቱጋሉ አልጋ ወራሽ ለዶም ፔድሮ ስትዳር፣ ሠርጉን ምክንያት በማድረግ አንድ የሳይንስ ጓድ ከቪየና ወደ ብራዚል ተላከ። ከጓዱ አባላት አንዱ ዮሐን ናተረር ይባላል። ሌሎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እሱ ቀረ፤ 18 ዓመት ያህል በጫካና በወንዝ እየዞረ ወፉንም፣ አውሬውንም፣ ዓሣውንም እየሰበሰበ ወደ ቪየና ሲልክ ኖረ። ከላካቸው መካከል ከአማዞን ገባር ከሪዮ ኔግሮ የተያዘ፣ እንደ ሳህን ክብና ጠፍጣፋ የሆነ ዓሣ ነበረበት። በ1840 የቪየናው የዓሣ ሊቅ ዮሐን ያኮብ ሄክል ያንን ዓሣ መርምሮ ሲምፊሶዶን ዲስከስ የሚል ሳይንሳዊ ስም አወጣለት።

ሄክል ያየው የሞተውን ዓሣ እንጂ ወንዙን አይደለም። የዲስከስን ታሪክ ለመረዳት ግን መታየት ያለበት ወንዙ ነው። ሪዮ ኔግሮ ከበሰበሰ ቅጠልና እንጨት በሚወጣ አሲድ የጠቆረ ነው፤ የአሲድነት ልኩ (ፒኤች፣ ሲያንስ አሲዱ የበረታ ማለት ነው) ብዙ ጊዜ ከ5 በታች ይወርዳል። ኖራ የሚባል ነገር ከሞላ ጎደል የለበትም። ሙቀቱ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ዲስከስ በዚህ ውሃ ውስጥ በሰጠሙ የዛፍ ቅርንጫፎች መካከል በመንጋ ይኖራል፤ ዓሣ አጥማጆችም በሌሊት መብራት ይዘው ያድኑታል።

ዓሣው በ1930ዎቹ በሕይወት እያለ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ገበያ ሲገባ የጠበቀው ውሃ ሌላ ነበር። የለንደንን ቧንቧ እንውሰድ። ውሃው የኖራ ድንጋይ በሞላበት ምድር አልፎ የሚመጣ ስለሆነ በአንድ ሊትር ከ200 ሚሊግራም በላይ የኖራ ጨው ይይዛል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጥለው፣ ሳሙና አላረፋ የሚለው ይኸው ውሃ ነው። የሙኒክም ውሃ ከዚህ ብዙ አይሻልም። ከባሕር ማዶ የመጣው ውድ ዓሣ በየገንዳው ይጠቁር፣ መብላት ያቆም፣ ይሞት ጀመር። ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ፤ ገዳዩ ኖራው ነው ተባለ።

ፍርዱ ግማሽ እውነት ነበረው። በኖራማ ውሃ የተጣለ እንቁላል ብዙውን ጊዜ ሳይፈለፈል ይቀራል፤ ይህን አርቢ ሁሉ ያውቀዋል። የዓሣው መሞት ግን በርካታ ምክንያት ነበረው፦ ረጅሙ ጉዞ፣ ከወንዙ አብሮ የመጣ ጥገኛ ትል፣ የቀዘቀዘ ገንዳ፣ ሳይቀየር የቆየ ውሃ። እነዚህ ሁሉ ተረሱና ወንጀሉ በኖራው ላይ ብቻ ተጫነ።

ከሁሉ የባሰው ግን የጫጩቶቹ እልቂት ነበር። በዚያ ዘመን የቅርብ ዘመዱን መልአክ ዓሣን ማርባት የተለመደ ሥራ ሆኖ ነበር፤ እንቁላሉ ወላጆቹ እንዳይበሉት ተለይቶ በሌላ ዕቃ ውስጥ ይፈለፈላል። ያው ዘዴ ለዲስከስ ሲሞከር እንቁላሉ ተፈለፈለ፣ ጫጩቶቹ መዋኘት ጀመሩ፣ ከዚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ አለቁ። አርቢው ውሃውን ይበልጥ ያለሰልሳል፣ አሲድ ይጨምራል፤ ጫጩቶቹ አሁንም ያልቃሉ። ምክንያቱን በ1959 ተመራማሪው ዊልያም ሂልደማን በሳይንሳዊ ጽሑፍ አስረዳ፦ የዲስከስ ጫጩት መጀመሪያ የሚመገበው ከእናቱና ከአባቱ ቆዳ ላይ የሚመነጨውን ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። በ2010 የወጣ የእንግሊዞች ጥናት ደግሞ እንቁላል ከተጣለ በኋላ በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ፕሮቲንና በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገር እንደሚጨምር አሳይቷል። አርቢዎቹ እንግዲህ ጫጩቶቹን ከጡት ነጥለው ውሃውን ሲወቅሱ ኖረዋል ማለት ነው። (የኛው ቆሮሶም የዲስከስ ቤተሰብ አባል ነው፤ እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ልጅ ማሳደግ በዘሩ ያለ ነገር ነው።)

ይህ ከታወቀ በኋላ የማርባቱ ሥራ ተፋጠነ። በጀርመን ሐኪሙ ኤድዋርድ ሽሚት ፎከ፣ በፍሎሪዳ ጃክ ዋትሊ ዓሣውን ከትውልድ ትውልድ እየመረጡ ያራቡ ጀመር። የዋትሊ ቱርኩዊዝ ዲስከስ ስሙ በዓለም ዙሪያ ገነነ፤ ሰውየው ጫጩቶችን በእንቁላል ዱቄት ያለ ወላጅ እስከ ማሳደግም ደርሷል። በ1990 ገደማ የባንኮኩ አርቢ ኪቲ ፓናይቲ «የርግብ ደም» የተባለውን ብርቱካናማ ዝርያ ይዞ ብቅ አለ። ውበቱ ግን ዋጋ አስከፍሏል። ዲስከስ ጫጩት ሲይዝ ገላው ይጠቁራል፣ ጫጩቶቹም ጥቁሩን ገላ እያዩ ይጠጉታል፤ ይህ ዝርያ ስለማይጠቁር ጫጩቶቹ ወላጆቻቸውን ማግኘት ይቸግራቸዋል።

በእርባታ ገንዳ የተወለደው ዓሣ ሪዮ ኔግሮን አያውቅም። እርባታዎቹ በበዙ ቁጥር አዋቂውን ዓሣ በተራ የቧንቧ ውሃ ማሳደግ የተለመደ ሆነ፤ በጀርመን ዋረንዶርፍ ያለው የሽቴንድከር ቤተሰብ እርባታ በዚህ ይታወቃል። ኖራው ጥቅምም እንዳለው የታየው ያኔ ነው። ከኖራው ጋር የሚመጣው ካርቦኔት የውሃው አሲድነት በድንገት እንዳይለዋወጥ ይይዘዋል። በኖራማ ውሃ ላይ አሲድ የሚያፈስ ሰው ዛሬ ልኩን ያወርዳል፣ ነገ ካርቦኔቱ መልሶ ያወጣዋል፤ ዓሣውን የሚያደክመው ይህ መውጣትና መውረድ ነው። የድሮዎቹ መጻሕፍት ለጀማሪ ይመክሩት ከነበረው ሁሉ በዚህ ጸሐፊ ግምት ብዙ ዓሣ የፈጀው ይኸው አሲድ የማፍሰስ ምክር ሳይሆን አይቀርም።

ከወንዝ የተያዘው የሄክል ዲስከስ ዛሬም አስቸጋሪ ነው፤ ለእሱ ለስላሳና አሲዳማ ውሃ ማዘጋጀት ግድ ይላል። ለዓይኑ ደስታ ብቻ የሚያረባ፣ ቧንቧው ኖራማ የሆነበት ሰው ግን በእርባታ የተወለደ፣ ሻጩም በተመሳሳይ ውሃ ያቆየውን ዓሣ ይግዛ፤ ከአምስት ስድስት ያላነሱትን በአንድ ሰፊ ገንዳ ያኑር፣ ሙቀቱን ከ28 ዲግሪ አያውርድ፣ ውሃውን ቶሎ ቶሎ ይቀይር። አሲዱን ይተወው። ጨውን ከውሃ የሚለየውን ማጣሪያ መግዛት የሚኖርበት እንቁላል ማስፈልፈል ሲያምረው ነው።